ዋንጫውን በእጃችሁ ሸፍኑት፦ የሞተር ቻምፒዮን እንዴት ይመዘናል?

እሁድ ነው፤ ሐዋሳ፤ ለ9 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። ከጋራዣችን ፊት ለፊት ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ገና ባዶ ነው። ኳሱ የሚጀምረው 10 ሰዓት ላይ ነው። ከባለቤቱ ጋር የቆየ ውል አለን፦ ኳስ እስኪገባ ያለችው አንድ ሰዓት የኔ ናት። አውሮፓ ውስጥ የሚደረግ የሞቶጂፒ፣ ማለትም የዓለም የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና፣ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ በኛ 9 ሰዓት ይነሳል፤ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የአርሴና የማንቼ ልጆች ወንበር መጎተት ሲጀምሩ እኔ ሻዬን ጨርሻለሁ። ማንም ከማንም አይጣላም።

አንድ እሁድ ረዳቴ ስልኩን ይዞ ተከተለኝ። 19 ዓመቱ ነው። ካንዴላ ፈትቶ ቀለሙን አይቶ ሞተሩ ምን እንደሚያመው ይነግራችኋል። ክርክር ላይ ግን እንደ ሒሳብ ሹም ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ ጨርሼዋለሁ» አለኝ። «አጎስቲኒ 15፣ ሮሲ 9፣ ማርኬዝ 9። በቃ፣ አጎስቲኒ ነው።» ስልኩ ላይ የዋንጫ ዝርዝር ተደርድሯል። እጄ ግሪስ ነበር፤ ቢሆንም በመዳፌ ስክሪኑን ክድን አደረግኩት።

«እሺ፤ አሁን ስለ አጎስቲኒ አንድ ነገር ንገረኝ።»

ልጁ ዝም። ስልኩን የሚጠርግበት ጨርቅ ፍለጋ ሄደ።

አጎስቲኒ የሚወራለት አጥቶ አይደለም፤ በኋላ እመጣበታለሁ። ልጁ ግን ቁጥሩን እንጂ ሰውየውን አያውቀውም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ብዙ ሰው ላይ ሞከርኩት። ዋንጫው ሲሸፈን ግማሹ ቻምፒዮን አብሮ ይጠፋል። ግማሹ ደግሞ ጭራሽ ይጎላል። ለስፖርቱ አዲስ ከሆናችሁ፣ ክርክር ውስጥም አፋችሁን ሞልታችሁ መግባት ካማራችሁ፣ እኔ እንዴት እንደምመዝን ላሳያችሁ። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የግድ የሆነችውን ሒሳብ መጀመሪያ እንገላገላት። የእሁዱን ውድድር ያሸነፈ 25 ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛው 20፣ ሦስተኛው 16፣ እያለ እስከ 15ኛው ይወርዳል። ከ2023 ጀምሮ ቅዳሜ አጭር ውድድር ተጨምሯል፤ እሱን ያሸነፈ 12 ነጥብ ይይዛል። በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ነጥብ ያለው ቻምፒዮን ይባላል። አለቀ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሒሳቡን መርሳት ነው።

አንድ ኩርባ ጥሩ

«ስንት ጊዜ አሸነፈ?» አትበሉ። «የቱ ኩርባ ላይ?» በሉ። መልስ ከሌለ ሰውየው ጎበዝ ነበር እንጂ የሚታወስ አልነበረም።

ኬቨን ሽዋንዝን ውሰዱ። የቴክሳስ ልጅ ነው፤ ሱዙኪ፣ ቁጥር 34። በትልቁ ክፍል፣ ማለትም ኃይለኛዎቹ ሞተሮች በሚሮጡበት፣ 25 ውድድር አሸንፏል፤ ቻምፒዮን የሆነው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በ1993። ዳኒ ፔድሮሳ በትልቁ ክፍል 31 አሸንፎ አንድም የዚያ ክፍል ዋንጫ የለውም። በቁጥር ከሄድን ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ግን ሽዋንዝ የተባለ እንደሆነ የኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይጠራል፦ ሆከንሃይም፣ ጀርመን፣ 1991፣ የመጨረሻው ዙር።

ከፊት ዌይን ሬይኒ በያማሃ አለ። ዛፍ መሃል የተዘረጋው ረጅሙ ቀጥታ መንገድ አልቆ ወደ ስታዲየሙ የሚያስገባው ኩርባ ደረሰ። ሬይኒ ፍሬን ያዘ። ሽዋንዝ አልያዘም። ትንሽ ቆየ። አሁንም አልያዘም። ከዚያ ሲይዝ የሱዙኪው ቂጥ እንደ እባብ ተጥመዘመዘ፤ ወደቀ ስትሉ ከሬይኒ ውስጥ በኩል ገብቶ ታጠፈ። አሸነፈ።

ይህ ለምን ከባድ እንደሆነ ላስረዳ፤ ሥራዬም ስለሆነ። ሞተር እየበረረ የፊት ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ በሙሉ ወደ ፊት ይደፋል። የፊት ሾክ እስከ ጥጉ ይገባል። የኋላ ጎማ መሬት መንካት ይተዋል፤ ስለዚህ ግራ ቀኝ ይዋልላል። በዚያች ሰዓት መላው ሞተርና ሰውየው ያረፉት በአንድ የፊት ጎማ፣ ያውም መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ነው። እሷ ካንሸራተተች መመለሻ የለም። ዘግይቶ ፍሬን የሚይዝ ሰው ደፋር ብቻ አይደለም። ያቺ መዳፍ የምታህል ጎማ ምን ያህል እንደቀራት በጣቱ የሚሰማው ሰው ነው።

እንዴት ትመለከቱታላችሁ? የውድድሩን ቦታና ዓመት ፈልጋችሁ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዙሮች አውጡ። ድምፁን አጥፉት፤ ተንታኙ ሲጮህ ዓይናችሁ ይሰንፋል። ከዚያ የሚመራውን አትዩ። ሁለተኛውን እዩ፤ እሱንም የፊት ሾኩን ብቻ። ሾኩ መቼ እንደሚሰምጥ ካያችሁ ፍሬን መቼ እንደያዘ አወቃችሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከደጋገማችሁት በኋላ ከተንታኙ ቀድማችሁ «አሁን ሊያልፈው ነው» ማለት ትጀምራላችሁ። እኔ እዚያ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ በዚህ ብዙ ሻይ በልቻለሁ።

ለልምምድ የ2008ቱን ላጉና ሴካ፣ አሜሪካ፣ ምረጡ። ኬሲ ስቶነር በዚያ ሳምንት ፈጣን ነበር፤ የመጀመሪያውን መነሻም የያዘው እሱ ነው። ቫለንቲኖ ሮሲ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ወደ ፊት ሊያስመልጠው አልፈለገም፤ ባለፈው ቁጥር መልሶ ያልፈዋል። ኮርክስክሩ በሚባለው ቦታ መንገዱ እንደ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ሮሲ እዚያ ከስቶነር ውስጥ በኩል ገባና ከአስፋልቱ ወጣ፤ አፈሩን ረግጦ ከፊቱ ተመለሰ። ስቶነር ብዙም ሳይቆይ ጠጠር ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ጣለ። ተነስቶ ሁለተኛ ወጣ እንጂ ውድድሩ አልቆ ነበር። ትክክል ነው ወይስ ብልግና? እስካሁን እንከራከርበታለን። ሁለቱም ሰዎች ግን በዚያች አፈር ምክንያት አልተረሱም።

ሞተሩን ቀይሩበት

ይህኛው የኔ ተወዳጅ ፈተና ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ሞተሩ ነው» ይላል። ሲያሸንፍ «ሞተሩ ነው»፣ ሲሸነፍም «ሞተሩ ነው»። መልሱ የሚገኘው ሰውየው ሞተር ሲቀይር ነው።

ቬልኮም፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2004። የወርቅ ማዕድን ከተማ ናት። በነገራችን ላይ ትልቁ ውድድር በአህጉራችን ሲደረግ ያ የመጨረሻው ነው፤ ይቆጨኛል። ሮሲ በ2001፣ በ2002 እና በ2003 በሆንዳ ቻምፒዮን ሆኗል። ሁሉም ሰው «ሆንዳው ነው» አለ። ሰውየው ተነሳና ወደ ያማሃ ሄደ። ያማሃ በዚያ ጊዜ ምን ነበር? የመጨረሻ ዋንጫው የ1992 ነው። በ2003 አንድም ውድድር አላሸነፈም። የተሻለ ሞተር ፍለጋ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የለም።

ሮሲ ጄረሚ በርጀስን፣ ዋና መካኒኩን፣ ይዞ ሄደ። ይህን አትለፉት። ብዙ ሰው ጋላቢውን ብቻ ያያል። እኔ ጠዋት ጠዋት ጋራዥ የምከፍት ሰው ነኝና መካኒኩን አያለሁ።

ያማሃም ለእሱ ሲል ሞተሩን ከሥሩ ለወጠ። አራት ፒስተን በአንድ መስመር ያለው ሞተር በተለመደው አሠራር ሁለቱ ሲወጡ ሁለቱ ይወርዳሉ፤ ፍንዳታውም እኩል እኩል እየተራራቀ ይሄዳል። አዲሱ ክራንክሻፍት፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ግን እያንዳንዱን ፒስተን በ90 ዲግሪ አራራቀው። ፍንዳታው ያልተስተካከለ ሆነ፤ ድምፁም የታመመ ሞተር የሚመስል ሸካራ ድምፅ ነው። እኛ ጋ እንዲህ እያለ የሚመጣ ሞተር ቢኖር «ካርቡሬተሩን አውርደው» እንለዋለን። ነገር ግን ጋላቢው ከኩርባ ሲወጣ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር የኋላው ጎማ ምን እያደረገ እንደሆነ በእጁ በትክክል ይሰማዋል። ለሮሲ የሚያስፈልገው ፈረስ ጉልበት ሳይሆን ይህ ስሜት ነበር።

28 ዙር። ማክስ ቢያጂ በሆንዳ ከኋላው ተጣብቆ ዋለ። ሁለቱ አይዋደዱም ነበር፤ ይህም ለጨዋታው ቅመም ነው። ሮሲ በ0.210 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ከዚያ የድሉን ዙር ሲዞር ሞተሩን ዳር አቆመ። ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሄልሜቱን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አይለይም። ተነስቶ ያማሃውን ሳመው። በዚያ ዓመት 9 ውድድር አሸንፎ ቻምፒዮን ሆነ፤ በ2005ም ደገመው።

ግን ሐቀኛ እንሁን። ያው ሮሲ በ2011 ወደ ዱካቲ ሄዶ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም አላሸነፈም። ደጋፊዎቹ ይህን ሲያነሱባቸው ርዕስ ይቀይራሉ። አትቀይሩ። ፈተናው እዚህ ላይ ሌላ ሰው ያሳያችኋል፦ ስቶነር በ2007 በዚያ አስቸጋሪ ዱካቲ ላይ በመጀመሪያ ዓመቱ 10 ውድድር አሸንፎ ቻምፒዮን ሆኗል። ከእሱ በኋላ ዱካቲ ሌላ ቻምፒዮን ለማግኘት እስከ 2022 ጠብቋል። ለኔ የሮሲ ሁለት ዓመት ሮሲን አላሳነሰውም፤ ስቶነርን ግን አገዘፈው። ያ ልጅ ደግሞ 27 ዓመቱ ላይ «በቃኝ» ብሎ ሄደ። በአውስትራሊያው ፊሊፕ አይላንድ ከ2007 እስከ 2012 በተከታታይ ስድስት ጊዜ አሸንፎ፣ አንድ ኩርባ በስሙ ተሰይሞለት፣ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። የሚገርም ሰው ነው።

አጎስቲኒም እዚህ ፈተና ላይ ነው ለረዳቴ ሰው የሆነለት። ዓመታት ኤምቪ አጉስታ በሚባል ሞተር ሲያሸንፍ «ማን አለበት፣ ብቻውን ነው የሚሮጠው» ይባል ነበር። በ1974 ወደ ያማሃ ተሻገረ። ከለመደው ባለ አራት ምት ሞተር ወርዶ ባለ ሁለት ምት ላይ ወጣ፤ ይህ በበሬ ሲያርስ የኖረን ሰው ፍየል ጠብቅ እንደማለት ነው። በ1975 በትልቁ ክፍል ቻምፒዮን ሆነ።

ሕመሙን እዩ፣ ግን ተጠንቀቁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀኝ እግሬ ተሰብሮ ነበር። ጀብዱ እንዳይመስላችሁ፤ ጋራዥ ውስጥ የቆመ ሞተር ወደቀብኝ። ጄሶ ታሰረልኝ። በአራተኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀና የደንበኛ ቦክሰር ልሞክር ብዬ ቀኝ እግሬን ወደ ውጭ አንከርፍፌ ወጣሁ። ዝናብ አካፍቶ ነበር፤ መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ኩርባው ጋ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ፦ የኋላ ፍሬን የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው! የፊቱን ብቻ ያዝኩ። ጎማው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ጄሶው ተሰነጠቀ። ሚስቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ተኝቼ ሳለሁ ያሰብኩት ስለ ሚክ ዱሃን ነበር።

1992። አውስትራሊያዊው ዱሃን በሆንዳ በ65 ነጥብ ይመራል፤ ያኔ አሸናፊ የሚያገኘው 20 ነጥብ ብቻ ነበርና ይህ ማለት ዋንጫው ኪሱ ገብቷል ማለት ነው። አሰን፣ ኔዘርላንድ ላይ በልምምድ ወደቀ። ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነገሩ ተበላሸና እግሩ ይቆረጥ እስከሚባል ደረሰ። ጣሊያናዊው ዶክተር ክላውዲዮ ኮስታ ከሆስፒታሉ አውጥቶ ወደ ጣሊያን ወሰደው። ሁለቱን እግሮቹን አንድ ላይ ሰፋቸው፤ የደኅናው እግር ደም የታመመውን እንዲመግብ። እግሩ ተረፈ። ዱሃን ቆሞ መሄድ እንኳ ሳይችል ለመጨረሻዎቹ ሁለት ውድድሮች ተመለሰ። ዋንጫውን በ4 ነጥብ አጣ።

የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ። ያለ እግር ፍሬን ደግሞ ከላይ እንደነገርኳችሁ ነው። በውድድር ላይ የኋላ ፍሬን ለማቆም ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ ኩርባ ውስጥ እንዲረጋ፣ ሲወጣም አፍንጫውን እንዳያነሳ የሚገሩበት ልጓም ነው። ስለዚህ መካኒኮቹ በግራው መሪ ላይ በአውራ ጣት የምትገፋ ትንሽ ማንሻ ሠሩለት፤ ከእሷ የሚወጣው የፍሬን ዘይት ቱቦ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። አሁኑኑ ግራ እጃችሁን ጨብጡና አውራ ጣታችሁን ወደ ፊት ግፉ። በቃ ያቺ ናት። በዚያች ጣት ከ1994 እስከ 1998 በተከታታይ አምስት ጊዜ ቻምፒዮን ሆነ። በ1997 ብቻ 12 ውድድር አሸነፈ። ዛሬ እግራቸው ደኅና የሆነ ጋላቢዎችም የአውራ ጣት ፍሬን ይጠቀማሉ፤ ቀኝ ኩርባ ላይ ሞተሩ ሲተኛ እግር መርገጫው ጋ አይደርስማ።

ታዲያ ሕመም ሁሉ ጀግንነት አይደለም። ጆርጌ ሎሬንዞ በ2013 አሰን ላይ ሐሙስ ወድቆ የአንገት አጥንቱ ተሰበረ። በአውሮፕላን ባርሴሎና ሄዶ ተቀደደ፣ ብረት ገባለት፣ ተመልሶ ቅዳሜ ተወዳደረ። አምስተኛ ወጣ። አፌን ይዤ ነው ያየሁት። በሚቀጥለው ውድድር ግን ጀርመን ላይ ደግሞ ወደቀ፤ ብረቷ ተጣመመች። ዓመቱ ሲያልቅ ዋንጫውን በ4 ነጥብ ለማርክ ማርኬዝ አስረከበ።

ማርኬዝ ራሱ ደግሞ ይባስ። ሐምሌ 19 ቀን 2020 ሄሬዝ ላይ የቀኝ ክንዱ አጥንት ተሰበረ። ማክሰኞ ቀዶ ሕክምና፣ ቅዳሜ ሞተር ላይ! ሰውነቱ እምቢ አለውና ወረደ። ከጥቂት ቀን በኋላ ቤቱ መስኮት ሲከፍት ክንዱ ውስጥ ያለችው ብረት ተሰበረች ተባለ። ያቺ ችኮላ ብዙ አስከፈለችው፤ ክንዱ አራት ጊዜ ተቀደደ። እኔ ይህን «ጀግንነት» የሚሉትን አልስማማም፤ ኮብልስቶን ላይ ጄሶዬን ስሰነጥቅ እኔም ጀግና አልነበርኩም።

የማርኬዝ ጀግንነት ሌላ ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ሁለቱ ፈተናዎች ይገናኛሉ። ከሆንዳ ጋር የነበረውን ውል አንድ ዓመት ሲቀረው ትቶ በ2024 ግሬሲኒ ወደሚባል ትንሽ ቡድን፣ ወደ ያለፈው ዓመት ዱካቲ ሄደ። ስድስት ጊዜ በትልቁ ክፍል ቻምፒዮን የሆነ ሰው ነው እንግዲህ። አራጎን ላይ ሲያሸንፍ የመጨረሻ ድሉ 1,043 ቀን ሆኖት ነበር። መስከረም 2025 ጃፓን፣ ሞቴጊ ላይ እንደገና ቻምፒዮን ሆነ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ። ሄልሜቱ ውስጥ ሲያለቅስ ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። የጃፓን ውድድር በኛ ጠዋት ነው። የቤቱ ባለቤት ወለል እየጠረገ ነበር፤ እሱም መጥረጊያውን ይዞ ቆመ።

ተቀናቃኙ ማን ነበር?

አጭር ጥያቄ ናት። ብቻውን የሮጠ ሰው አይታወስም። ሽዋንዝን ሽዋንዝ ያደረገው ሬይኒ ነው። ሬይኒ በ1990፣ በ1991 እና በ1992 ቻምፒዮን ሆነ። መስከረም 5 ቀን 1993 ሚዛኖ ላይ እየመራ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ አልተራመደም። የዚያ ዓመት ዋንጫ ለሽዋንዝ ሆነ። ሕይወቱን ሙሉ ሲያሳድደው የነበረውን ዋንጫ እንዲህ ሲያገኘው ደስታው ምን እንደሚመስል አስቡት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ፤ በ1995 አቆመ። በ2022 ሬይኒ እንግሊዝ ውስጥ፣ ጉድውድ ላይ፣ ሁሉም ነገር በእጅ እንዲሠራ ተደርጎ በተለወጠ የድሮ ያማሃው ላይ እንደገና ወጣ። ቪድዮው አለ። ተመልከቱትና ሞተሩ ላይ ሲያስቀምጡት ፊቱን እዩ።

ሄልሜቱን ሲያወልቅ

ሮሲን ሕዝብ የወደደው በፍጥነቱ ብቻ አልነበረም፤ በቀልዱም ጭምር ነው። በ1999 ሄሬዝ ላይ አሸንፎ የድል ዙሩን ሲዞር ሞተሩን አቁሞ ዳር ያለ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ገባ፤ ወጥቶ ጉዞውን ቀጠለ። በ2002 ሙጀሎ ላይ ደግሞ ከድሉ በኋላ ፖሊሶች አስቁመው በፍጥነት መንዳት ቀጡት፤ ራሱ ያዘጋጀው ድራማ ነው። ዛሬ ይህን የሚኮርጁ ብዙ ናቸው። ልብ በሉ፤ ቀልዱ የሠራው መጀመሪያ ስላሸነፈ ነው።

ለኔ ግን በዚህ ክፍል አንደኛው ጆይ ደንሎፕ ነው። ስሙን የሰማ ሰው እኛ ሰፈር የለም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል አይል ኦፍ ማን የምትባል ደሴት አለች። ቲቲ የሚባለው ውድድር እዚያ በተራ የመኪና መንገድ ላይ ይደረጋል፤ አንዱ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የድንጋይ አጥር፣ የመብራት ምሰሶ፣ የሰው ቤት በር። በዚያ መንገድ ላይ ከ250 በላይ ጋላቢዎች ሞተዋል። አጎስቲኒ ጓደኛው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በ1972 እዚያ ሲሞት ዳግም አልመለስም አለ፤ ከ1976 በኋላም ውድድሩ ከዓለም ሻምፒዮናው ወጣ። ትክክል ነበር። እኔም ልጄን እዚያ አልልክም።

ደንሎፕ ከሰሜን አየርላንድ ትንሽ ከተማ፣ ከባሊመኒ ነው። መጠጥ ቤት ነበረው። ሞተሩን ራሱ ነው የሚፈታው፤ ከጋዜጠኛ ይሸሻል። ቲቲን 26 ጊዜ አሸነፈ። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን በ2000፣ በአንድ ሳምንት፣ በ48 ዓመቱ። ቁጥሩን በ2024 የወንድሙ ልጅ ማይክል አልፎታል። ግን አሁንም እጃችሁን ቁጥሩ ላይ ጫኑ። ሰውየው ውድድር በማይኖርበት ጊዜ መኪናውን ምግብና ልብስ ሞልቶ ራሱ እየነዳ ሩማንያ፣ ቦስንያ፣ አልባንያ ላሉ ወላጅ አልባ ልጆች ያደርስ ነበር። ካሜራ አላስከተለም። ሐምሌ 2000 ኢስቶንያ ውስጥ ታሊን ላይ፣ ዝናብ በሚዘንብበት ውድድር፣ ወድቆ ሞተ። ለቀብሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያችን ትንሽ ከተማውን፣ ባሊመኒን፣ አጥለቀለቃት።

የማትቆጥሯቸው

ከፍተኛ ፍጥነትን ተዉት። ብራድ ቢንደር በ2023 ሙጀሎ ላይ በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ አስደናቂ ነው፤ ግን ቀጥታ መንገድ ላይ ማንም ሰው አይታወስም። የኢንስታግራም ተከታይንም ተዉት። «ያለ ጉዳት ቢሆን ኖሮ 12 ዋንጫ ይኖረው ነበር» የሚለውንም ተዉት፤ የጋራዥ ወሬ ነው፤ እኔም አወራዋለሁ፤ ግን ሚዛን ላይ አይወጣም።

ባለፈው እሁድ ልጁን ፈተንኩት። ውድድሩ አልቋል፤ ለ10 ሰዓት ሩብ ይቀራል። «ስልክህን ኪስህ ክተት። አንድ ቻምፒዮን ጥራ» አልኩት። ሮሲ ይላል ብዬ ነበር።

«ኒኪ ሄይደን» አለኝ።

አስተምሬው አላውቅም። ከየት አመጣኸው ብዬ ብጠይቀው ማታ ማታ ድምፅ አጥፍቶ ሲያይ ከርሟል። ሄይደን አንድ ዋንጫ ብቻ ነው ያለው፤ የ2006። በዚያ ዓመት ያሸነፈው ሁለት ውድድር ነው፤ ሮሲ አምስት አሸንፏል። በሒሳብ ሹም ሚዛን ዝርዝሩ ላይም አይገባ።

«ኢሽቶሪል፣ ፖርቱጋል» ብሎ ጀመረ። ተነስቶ ቆመ። «ሊያልቅ አንድ ውድድር ነው የቀረው ጋሼ። በነጥብ እየመራ ነው። የራሱ ቡድን ልጅ፣ ፔድሮሳ፣ ከውስጥ በኩል መጥቶ ወደቀና እሱንም ይዞት ሄደ! ጠጠሩ ውስጥ ተነስቶ እንዲህ እጁን ሲያወናጭፍ...» እጁን ሲያወናጭፍ የሻይ ብርጭቆዬን ለጥቂት ሳታት። «መሪነቱ ለሮሲ ሄደ። በ8 ነጥብ። ከዚያ ቫለንሲያ፣ የመጨረሻዋ። ሮሲ፣ ሮሲ እኮ ነው፣ ኩርባ ላይ ብቻውን ወደቀ። ይኼኛው ሦስተኛ ወጣ። በ5 ነጥብ በለጠው። ሄልሜቱን ሳይከፍት ነው ያለቀሰው።»

የአርሴ ልጆች መግባት ጀምረዋል። ወንበር ይጎተታል። ባለቤቱ ሪሞቱን አንስቶ ወደ ኳሱ ቀየረው። ልጁ አላየም፤ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ ሄይደን ቫለንሲያ ላይ ባንዲራ ይዞ እንዴት እንደዞረ በእጁ ያሳየኛል። ቀይ ማሊያ የለበሰ አንዱ አጠገባችን ተቀመጠና ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ እሱ አየ።

«ማነው የወደቀው?» አለ።